ከአንበሳው በፊት እጁን

በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ቆመው ይታያሉ። ሰውነታቸው በጠጉር ተሸፍኗል፣ ግራና ቀኛቸውን አንበሶችና ነብሮች ከበዋቸዋል፣ ከዓይናቸው አጠገብ እንባቸውን የምትጠጣ ወፍ አለች። ትውፊቱ ስድሳ አንበሳና ስድሳ ነብር ይላል፤ ሠዓሊው ግን ግድግዳው ስለማይበቃው ጥቂቱን ሥሎ ያልፋል። ይህን ሥዕል ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያየ ሰው ልብ ላይለው የሚችለው የጻድቁን እጆች ነው። እጆቹ ወደ ላይ፣ ለጸሎት ተዘርግተዋል። አውሬውን አይነኩም፣ አያዙም፣ አይገፉም። በትርም ሰንሰለትም የለም። አንበሶቹ የለመዱት ሰው ስለገራቸው አይደለም፤ የሥዕሉ ጉዳይ ከእነሱ በላይ ካለው ጋር ነው።

ወደ ለንደን እንሻገር። ኤድዊን ላንድሲር በ1839 (ዓመታቱ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) በዘይት ቀለም የሣለው ሸራ ቁመቱ ከአንድ ሜትር ትንሽ አለፍ ይላል፤ ወርዱ አንድ ሜትር ከሰባ ግድም ነው። መሃል ላይ አይዛክ ቫን አምበርግ የተባለ አሜሪካዊ አውሬ ገሪ ጋደም ብሏል። አንበሳ፣ እንስት አንበሳ፣ ታይገርና ነብር ከበውታል። በእቅፉ የበግ ግልገል አለ። ሥዕሉን ያሠራችው ንግሥት ቪክቶሪያ ናት፤ ዛሬም የእንግሊዝ ዘውድ ንብረት ነው።

የሁለቱ ሥዕሎች ዕቃ አንድ ነው ማለት ይቻላል፦ አንድ ሰው፣ ዙሪያውን አውሬ፣ ሰላም። የሚለያዩት እጅ ላይ ነው። ስለዚህ የአሥራ ዘጠነኛውን ክፍለ ዘመን የአውሬ ሥዕል ማንበብ ለሚፈልግ ሰው የምመክረው አጭር ነው፤ አንበሳውን ለጊዜው ተዉትና እጁን ፈልጉ። ምን ይዟል? ወዴት ዘርግቷል? አውሬውን ያበላው፣ ያሰረው፣ ጋጣውን የጠረገው እጅ ሥዕሉ ውስጥ አለ ወይስ ከሸራው ውጭ ቀርቷል? አብዛኛውን ጊዜ የሚቀረው ይኸኛው ነው። የግዛት ሥዕል ዋና ጥበቡም እዚያው ላይ ይመስለኛል።

አንድ የቃል ነገር አስቀድሜ ልጨርስ። አማርኛ ነብር የሚለው ዥንጉርጉሩን ነው፤ ባለመስመሩ የእስያ አውሬ አገራችን ስላልነበረ የራሱ ስም አላገኘም። ጋዜጦቻችን አንዳንዴ ሁለቱንም ነብር ይሏቸዋል። እዚህ ግን ልዩነቱ ፖለቲካ አለበትና ባለመስመሩን ታይገር እያልኩ እቀጥላለሁ።

ላንድሲር ተመልካቹን ያስቀመጠበት ቦታ ብልህ ነው። ፍርግርጉ ከፊታችን የለም። ከቫን አምበርግ ጀርባ ነው፤ ከፍርግርጉ ማዶ ደግሞ የሚያዩት ሰዎች ተደርድረዋል። እኛ ያለነው ውስጥ ነን፣ ከአውሬዎቹ ጋር። በ1839 ትያትር ቤት ገብቶ የከፈለ ሰው ከብረቱ ውጭ ተቀምጦ ነበር ያየው፤ ንግሥቲቱ ግን ሥዕሏ ፊት ስትቆም ብረቱን አልፋ ገብታለች። ግልገሉም ሆን ተብሎ የተመረጠ ነው። ትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 11 ላይ ተኩላና በግ፣ ነብርና ፍየል፣ አንበሳና ጥጃ አብረው እንደሚያርፉ የተጻፈውን የማያውቅ ተመልካች በዚያ ዘመን አልነበረም። ትንቢቱ የሚናገረው ስለሚመጣው መንግሥት ነው። ሥዕሉ ደግሞ መንግሥቱ ከመጣ ቆይቷል የሚል ይመስላል።

ቪክቶሪያ ቫን አምበርግን ያየችው በ1839 መጀመሪያ ለንደን ውስጥ ድሩሪ ሌን በሚባለው ትያትር ቤት ነው፤ ያኔ 19 ዓመቷ ነበር። አንዴ አይታ አልተወችም፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ደጋግማ ሄደች። በጃንዋሪ 24 ቀን ሕዝቡ ከወጣ በኋላ አውሬዎቹ ሲበሉ ለማየት ቆይታለች። ከዚህ አምስት ቀን ቀደም ብሎ፣ ጃንዋሪ 19፣ የእንግሊዝ መርከቦች የየመኗን ወደብ ኤደንን በመድፍ ደብድበው ይዘዋል። ወሬው በዚያ ፍጥነት ለንደን አልደረሰም፤ ሥዕሉንና ኤደንን የሚያገናኝ ደብዳቤም አልፈልግም። ብቻ ቀይ ባሕርን ለምናውቅ ሰዎች ቀኖቹ ጎን ለጎን ሲቆሙ ማየቱ ይበቃል።

አሁን ወደ ሥራው። አውሬ መግራት በሥዕሉ ላይ የዓይን ጉዳይ ይመስላል፤ ሰውዬው አፍጥጦ ያያል፣ አንበሳው ይሸነፋል። የቫን አምበርግ ዝናም የተሸጠው እንዲህ ተብሎ ነበር። ከመድረክ ጀርባ ግን በብረት ዘንግ እንደሚደበድባቸው በራሱ ዘመን ይወራበት ነበር። ዱላው የሥራው አንድ ክፍል ብቻ ነው። ሌላው ክፍል ርቀት ነው፤ አውሬ የሚገራው በርቀት ልክ ነው ብል አላጋነንኩም።

ማንኛውም የዱር እንስሳ ሰው ሲጠጋው መሸሽ የሚጀምርበት የራሱ ልክ አለው። ከዚያ ልክ አልፎ የተጠጋው እንደሆነ፣ መሸሻም ካጣ፣ ዞሮ የሚያጠቃበት ሌላ አጠር ያለ ልክ አለ። የስዊዘርላንዱ የእንስሳት ጥበቃ ሊቅ ሃይኒ ሄዲገር በሃያኛው ክፍለ ዘመን ይህን በሳይንስ ቋንቋ አስቀመጠው እንጂ፣ ገሪዎቹ በእግራቸው ያውቁት ነበር። የገሪ ሥራ በሁለቱ ልኮች መሃል መመላለስ ነው። አንድ እርምጃ ወደፊት ሲል አንበሳው ወደኋላ ይላል፤ አንድ እርምጃ ወደኋላ ሲል አንበሳው ይከተለዋል። መቀመጫ ዱካው በትክክለኛው ቦታ ከተቀመጠ፣ ወደኋላ ያለው አንበሳ ዱካው ላይ ይወጣል፤ ሰው ታዘዘ ይላል። የሚያገሳውና መዳፉን የሚሰነዝረው አንበሳ ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚጨበጨብለት ነው፤ ገሪው አጥቂ ልኩን በጣት ያህል ነክቶ ስለተመለሰ ነው እንጂ አውሬው ስለተቆጣ አይደለም።

በቫን አምበርግ ዘመን የነበረው የአውሬ ቤት ጠባብ ነበር፣ ብዙ ጊዜ ጋሪ ላይ የተጫነ ሣጥን። በእንዲህ ያለ ቦታ መሸሻ የለም። አውሬው ሁልጊዜ በአጥቂ ልኩ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ያለው ምርጫ ወይ መዝለል ወይ መለጠፍ ነው። እየተመታ መዝለልን የተወ አውሬ ይለጠፋል፦ ሆዱ መሬት ይነካል፣ ጆሮው ወደኋላ ይተኛል፣ ዓይኑን ይመልሳል። ሠዓሊው ይህን አቋም ቀድቶ ሲያስቀምጠው ፍቅር ይመስላል፣ አክብሮት ይመስላል። የአንበሳ ጠባይ የሚያውቅ ሰው ግን የሚያየው መውጫ ያጣ እንስሳ ነው።

ዕድሜም አለ። ደቦል ሆኖ የተያዘ አንበሳ እስከ ሁለት ዓመቱ ድረስ እንደ ትልቅ ድመት ይጫወታል። ሦስት ዓመት ሲሞላው ሌላ ፍጥረት ይሆናል። ሰው ጡጦ እያጠባ ያሳደገው አንበሳ ሰውን አይፈራም፤ ጥቅሙ ይህ ነው፣ አደጋውም ይህ ነው፣ የመሸሻ ልኩ ጠፍቶ አጥቂ ልኩ ብቻ ስለሚቀር። የሃምቡርጉ የአውሬ ነጋዴ ካርል ሃገንቤክ በክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ዱላን ትቶ በሥጋ ቁራሽና በትዕግሥት መግራትን ሲያስተዋውቅ፣ መጀመሪያ ያደረገው አውሬዎቹን መምረጥ ነበር። ከ21 አንበሳ ለሥራው የሚሆኑ ያገኘው 4 ብቻ እንደሆኑ ራሱ ጽፏል። ቀሪዎቹ 17 በየትኛውም ሥዕል ላይ የሉም።

ነገሩ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በትንሽ ነገር ነው። ገሪው ከተደናቀፈ ቁመቱ ይለወጣል፤ የቆመ ሰው አዛዥ ነው፣ የወደቀ ሰው ታዳኝ ነው። አንዱ አውሬ ከጀርባ ከቀረ ርቀቱ ተበላሸ። አንዱ ከጀመረ ሌሎቹ ይከተላሉ። በ1872 ጃንዋሪ ቦልተን በተባለችው የእንግሊዝ ከተማ ቶማስ ማካርት የተባለው አንድ እጅ ብቻ የነበረው ገሪ በሕዝብ ፊት የሞተው እንዲሁ ነው፤ አንዱ አንበሳ ጀመረ፣ የቀሩት ተከተሉ። ከእሱ በፊት በ1850 ቻተም ላይ፣ “የአንበሶች ንግሥት” እየተባለች የምትታይ ኤለን ብራይት የተባለች የ17 ዓመት ልጅ መንገድ የዘጋባትን ታይገር በአለንጋ ነካ አድርጋው ገደላት። ከዚያ ወዲህ ሴቶች እንዲህ ያለ ትርኢት እንዳያሳዩ ተከለከለ፤ ወንዶቹ ቀጠሉ።

ስለ ኤለን ብራይት ላንድሲር ሸራ አልወጠረም። ሠሪዎቿ የስታፈርድሺር ሸክላ ሠሪዎች ናቸው፤ የድሃ ቤት ምድጃ ላይ የሚቀመጡ፣ በርካሽ የሚሸጡ ቀለም የተቀቡ ምስሎች የሚሠሩት። ልጅቷና አውሬው ተያይዘው፣ ከሥር “የአንበሶቹ ንግሥት አሟሟት” ተብሎ ተጽፎበት። ቤተ መንግሥቱ ግልገል የታቀፈ ሰው ሲሰቅል፣ የሠራተኛው ቤት የገሪዋን ሞት ገዝቶ አስቀመጠ። ከሁለቱ የትኛው ለሥራው እንደሚቀርብ መናገር አያስፈልገኝም።

ላንድሲር ቫን አምበርግን ሁለተኛ ጊዜ ሥሎታል፤ በ1846 ጀምሮ በ1847 ጨረሰው፣ ሥዕሉ አሁን አሜሪካ ዬል ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ውስጥ ነው። ይህኛውን ያሠራው የዌሊንግተን መስፍን ነው፣ ናፖሊዮንን ዋተርሉ ላይ ያሸነፈው። በዚህ ሸራ መጋደም ቀረ። ሰውዬው እንደ ሮማዊ ለብሶ ቆሟል፣ ክንዱን ዘርግቷል፣ አውሬዎቹ ወደኋላ ሸሽተው ተኮማትረዋል። ስምንት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ያው ሰው፣ ያው አውሬ፣ ያው ሠዓሊ፤ ኢሳይያስ ወጥቶ ዘፍጥረት ገባ። ግዙአት የሚለው። እንደ ሥዕል የመጀመሪያው ይሻለኛል፣ ይህኛው ትንሽ የትያትር ማስታወቂያ ይሸተኛል። እንደ ማስረጃ ግን ሁለተኛው ይበልጣል፣ ቢያንስ አልዋሸም።

ዌሊንግተንና አውሬ የተዋወቁት ግን ከዚያ 48 ዓመት ቀድሞ ነው። በ1799 እንግሊዞች በደቡብ ህንድ የማይሶሩን ገዥ ቲፑ ሱልጣንን ገድለው ዋና ከተማውን ስሪራንጋፓትናን ሲይዙ፣ ያኔ ኮሎኔል የነበረው ይህ ሰው ከተማውን እንዲያስተዳድር ተሾመ። ቲፑ አርማው ታይገር ነበር፤ በቤተ መንግሥቱም ሕያዋን ታይገሮች ያስቀምጥ ነበር። አዲሱ ሹም በደብዳቤው ያለው ባጭሩ ይህ ነው፦ አውሬዎቹን የሚወስድ ካልመጣ አስገድላቸዋለሁ፤ የሚበሉት የለም፣ የሚጠብቃቸው ሰውም የለም፣ እየከፉ ነው። አስተውሉ። አውሬዎቹ አልተለወጡም፤ የጠፋው ጠባቂያቸው ነው፣ በየቀኑ ሥጋ የሚወረውረው ሰው። የሱልጣኑ ኃይል የሚመስለው ነገር የዚያ ስሙ ያልተጻፈ ሰው ሥራ ኖሯል።

ከዚያው ቤተ መንግሥት የተዘረፈ አንድ ዕቃ ዛሬ ለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ አለ። ሙሉ የሰው ቁመት ያለው የእንጨት አውሮፓዊ በጀርባው ተንጋሏል፣ ታይገር ደረቱ ላይ ቆሞ አንገቱን ይዞታል። ታይገሩ ሆድ ውስጥ ኦርጋን አለ። ከጎኑ የተተከለውን እጀታ ሲያዞሩት ወናፉ ይነፋል፣ የሰውዬው ክንድ ወደ አፉ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ዋይታ የሚመስል ድምፅ ይወጣል፣ ታይገሩም ያጉረመርማል። ቲፑ ያሠራው እንግሊዝን ሊሳለቅበት ነው። የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ከ1808 ጀምሮ ለንደን ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ለሕዝብ ሲያሳየው ግን እጀታው በማንም መንገደኛ እጅ ገባ። ሰዉ ሲያዞር ይውል ስለነበር አጠገቡ የሚያነቡ ሰዎች ተማረሩ። ከዚህ የበለጠ ግልጽ የምርኮ ሥዕል አላውቅም፤ የአገሬው ሰው የገዛ ጩኸቱን ለመስማት ተራ እየጠበቀ ያዞር ነበር።

በ1857 ህንድ ሲያምፅ ጆን ቴኒየል በአንድ የለንደን ሳምንታዊ መጽሔት ላይ የእንግሊዝ አንበሳ በቤንጋል ታይገር ላይ ሲዘል ሣለ። እዚያ ሥዕል ላይ ገሪ የለም፣ እጅም የለም። ለማዳ የተባለው ሲነክስ የመግራት ሥዕል ወዲያው የጦር ሥዕል ይሆናል።

እጆቹን ያልደበቀ አንድ ሥዕል አለ፣ ለዚህም እወደዋለሁ። የስዊሱ ተወላጅ ዣክ ሎራን አጋስ በ1827 ለንጉሥ ጆርጅ 4ኛ የሣለው የኑቢያ ቀጭኔ ነው። ቀጭኔዋን የላካት የግብፁ መሐመድ አሊ ፓሻ ነው፤ ለለንደን አንድ፣ ለፓሪስ አንድ፣ ለቪየና አንድ። ሁሉም ከሱዳን ምድር በጥጃነታቸው የተያዙ ናቸው። ጥጃ ሲይዙ እናቲቱን ይገድላሉ፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ጣጣ ወተት ነው። ያለ ወተት ከቀናት አትዘልም። ስለዚህ የሚታለቡ ላሞች አብረው በመርከብ ተጫኑ። አጋስ ላሞቹን ከበስተጀርባ ሣላቸው። ከፊት ለፊት በአገራቸው ልብስ ያሉ ሁለት ግብፃውያን ጠባቂዎች አሉ፣ ቀጭኔዋ አንገቷን ወደ ወተቱ ገበቴ ዝቅ አድርጋለች። መግራት ማለት ይህ ነው፦ ገበቴ፣ ላም፣ ሌሊት ተነስቶ የሚያጠጣ ሰው።

ሦስተኛው ሰው ረጅም ባርኔጣ አድርጓል። ኤድዋርድ ክሮስ ይባላል፣ ለንደን መሃል ኤክሰተር ቼንጅ የሚባል የአውሬ ማሳያ የነበረው። ይህ ሥዕል ከመሣሉ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በማርች 1826፣ የእሱ ዝሆን ቹኒ በዚያው ሕንፃ ላይኛ ፎቅ ተገድሏል። ዝሆን ፎቅ ላይ። ወንድ የእስያ ዝሆን በየዓመቱ ቁጣው የሚነሳበት ወቅት አለው፤ ቹኒ ላይ በዚያ ላይ የጥርስ ሥር ሕመም ተጨመረበት። ወለሉን ጥሶ እንዳይወርድ ተፈርቶ ወታደሮች ተጠሩ። ከ150 በላይ ጥይት ተተኮሰበት። በዘመኑ እንደተዘገበው ተኩሱ መሃል ጠባቂው እንደ ልማዱ ተንበርከክ ሲለው ተንበረከከ። ለሕዝብ ትርኢት የተማረው ትእዛዝ ነበር። የቀጭኔዋም ነገር ብዙ አልተሻለም፤ በግመል ጀርባ ታስራ ስትመጣ እግሮቿ ተጎድተው ነበርና ቆይቶ ራሷን ችላ መቆም አቃታት፣ በ1829 ሞተች። የካርቱን ሠዓሊዎቹ ንጉሡ በገመድና በዊንች ቀጭኔ ሲያነሳ እየሣሉ ተሳለቁበት። የለንደን ካርቱን በዚያ ክፍለ ዘመን ከንጉሣዊው የሥዕል አካዳሚ ይልቅ እውነት ይናገር ነበር ብዬ አምናለሁ።

ወደ አገራችን ልምጣ፣ የሚያገናኘን አለና። ዓፄ ቴዎድሮስ ለማዳ አንበሶች ነበሯቸው። በ1860ዎቹ የፈረንሳይ ቆንስል ሆኖ መጥቶ ንጉሡ ያሰሩት ጊዮም ለዣን ባወጣው የጉዞ ዘገባ ላይ ተመሥርቶ የታተመ ሥዕል፣ ቴዎድሮስ በአንበሶች ተከበው ሰው ሲቀበሉ ያሳያል። ፍርግርግ የለም፣ አለንጋ የለም። ዛሬ በየቲሸርቱና በየቡና ቤቱ ተለጥፎ እንደ ጀግንነት ምልክት እናየዋለን። ያኔ በፓሪስ ሲታተም ግን ንባቡ ሌላ ነበር፤ ያው ከአንበሳ ጋር የተቀመጠ ሰው እንግሊዝ ከሆነ ሥልጣኔ አውሬን አሸነፈ ይባላል፣ ሐበሻ ከሆነ አውሬ ከአውሬ ጋር ተቀመጠ ይባላል። ልዩነቱን የሠራው ብረቱ ነው። ላንድሲር ፍርግርጉን ከጀርባ አኑሮ እዚህ ያለው ሥርዓት ነው ይላል፤ የፈረንሳዩ ህትመት ፍርግርግ ስለሌለ ብቻ ያስፈራል።

የሚያሳዝነው ደግሞ ያ ሥዕልም የእኛውን ጠባቂ ማጥፋቱ ነው። አንበሳ በቤተ መንግሥት የሚኖር ከሆነ ደቦሉን ከዱር ያመጣ አዳኝ አለ፣ ወተት የሰጠው አለ፣ ሲጎለምስ በየቀኑ አምስት ስድስት ኪሎ ሥጋ የሚያቀርብለት አለ፣ ግብር ሲበላ ሰንሰለቱን ይዞ የሚቆም አለ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ለምሳሌ ነው፤ በእውነቱ ግን አንበሳ የሚታሰረው በዚህ ሁሉ ሰው ነው። ሥዕሉ ግን ንጉሡንና አንበሳውን ብቻ አስቀረ፣ እኛም እንደዚያው ወረስነው።

ከዚያ ዝሆኖቹ መጡ። የጄኔራል ሮበርት ናፒየር ጦር ቴዎድሮስ ያሰሯቸውን አውሮፓውያን ለማስፈታት በ1868 መጀመሪያ ከቀይ ባሕር ጠረፍ ከዙላ ወደ መቅደላ ሲነሳ 44 የገሩ ዝሆኖች ከህንድ በመርከብ ተጭነው ወርደዋል። ዙላ የሚጠጣ ውኃ አልነበረም፤ መርከቦቹ የባሕር ውኃ አፍልተው እንፋሎቱን እያቀዘቀዙ ነበር የሚያጠጡት። አንድ ዝሆን ደግሞ በቀን ከ100 ሊትር በላይ ይጠጣል። ያመጧቸው ለአርምስትሮንግ መድፎችና ለሞርታሮች ነው፤ የአንዱ መድፍ አፈሙዝ ብቻ 400 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ በቅሎ አይችለውም። በዝሆን ጀርባ ላይም እንዲሁ አይጫንም። የዝሆን የጀርባ አጥንት እንደ ቤት ክዳን ጫፍ ሹል ነው፤ ክብደቱ አጥንቱ ላይ ካረፈ ቆዳው ይላጣል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ዝሆኑ ከሥራ ይወጣል። ስለዚህ በግራና በቀኝ ጎድን ላይ የሚያርፍ ወፍራም ፍራሽ ይደረጋል፣ ከላዩ የእንጨት ኮርቻ፣ ከዚያ መድፉ። ድንጋያማ መንገድ ረጅም ሲሆን የእግሩ መዳፍ ይሳሳል። ይህን ሁሉ በየማታው የሚያይ፣ ቁስል የሚያጥብ፣ ማሰሪያ የሚያላላ ህንዳዊ ነጂ አንገቱ ላይ ተቀምጧል።

ከለንደን የተላከው ሠዓሊ ዊሊያም ሲምሰን ዘመቻውን በእርሳስና በውኃ ቀለም መዝግቧል። የዘመቻው ዝሆኖች በአውሮፓ ጋዜጦች ሲታተሙ የእንግሊዝ ብልሃት ተብለው ነው፤ የህንድ ዝሆን፣ የህንድ ነጂ፣ ከሺህ ዓመታት በላይ የቆየ የህንድ ሙያ መሆኑ ቀረ። በዚያው ወቅት ቴዎድሮስ ሰባት ቶን ግድም የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፣ መንገድ እያስቆፈሩ፣ ራሳቸውም አብረው እየሠሩ መቅደላ ደርሰዋል፤ ከኦክቶበር እስከ ማርች የፈጀ ጉዞ። ሴባስቶፖል ሳይጠቅም ቀረ። ንጉሡ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሞቱ።

ዙላ የት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ግን እዚህ ላይ ቆም ማለት አለበት። የጥንቱ የአክሱም ወደብ አዱሊስ አጠገቡ ነው። በስድስተኛው ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለ ነጋዴ አዱሊስ ላይ የገለበጠው የግሪክ ጽሑፍ፣ የግብፁ ንጉሥ ጰጥሎሚ 3ኛ እሱና አባቱ ከዚህ አገር ዝሆን አሳድነው ለጦርነት እንዳስገሩ ይፎክራል። ከዚህ ጠረፍ የገራ ዝሆን በመርከብ የወጣው ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ነው፤ በ1868 የገራ ዝሆን በመርከብ ገባ። ኮስማስ ሌላም ነገር ጽፏል፦ ኢትዮጵያውያን ዝሆን መግራት አያውቁበትም፣ ንጉሡ ለማሳያ አንድ ሁለት ሲፈልግ ግን በግልገልነታቸው አስይዞ ያሳድጋቸዋል ይላል። በዚያው ዘመን የቢዛንታይኑ ንጉሠ ነገሥት የዩስጢንያኖስ መልእክተኛ የአክሱሙን ንጉሥ አራት ዝሆኖች በሚስቡት ባለአራት መንኰራኵር ሠረገላ ላይ ቆሞ እንዳየው ተዘግቧል። አንድ ሁለት የተባለው ቢያንስ አራት ደርሷል ማለት ነው። አራት ዝሆን ጎን ለጎን አጣምሮ ማስሳብ ጨዋታ አይደለም፤ አንዱ ቢፈራ አራቱም ይፈራሉ። የአክሱም ገሪዎች ምን ዓይነት ቀንበር እንዳበጁ የሣለልን ሰው ግን የለም።

በ1882 የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ለፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ዡል ግሬቪ አንድ የሜዳ አህያ በስጦታ ላኩ። መስመሩ ጠባብና ብዙ፣ ጆሮው ሰፊና ክብ፣ ሆዱ ነጭ። ፓሪስ እንደደረሰ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ኤሚል ኡስታሌ የተባለው የእንስሳት ተመራማሪ በድኑን መርምሮ እስካሁን ያልተመዘገበ ዝርያ ነው አለ፣ ስምም አወጣለት። ስሙን ያገኘው ከላኩት ንጉሥ አልነበረም፣ በሸዋ ቆላ ከያዘው ሰው ወይም እስከ ጠረፍ ሣር እያጨደ ከነዳው ሰውም አልነበረም። አላይደጌ ሜዳ ላይ ዛሬም የሚግጠው አውሬ በሳይንስ መዝገብ የሚጠራው በተቀባዩ ስም ነው፣ በግሬቪ።